ቤት ሠርቶ ማከራየት፤ በአዲስ አበባ ከተማ የጀማሪው ጥያቄዎች ታሪክ

በአሁኑ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ሁሉ ሐሳቡ ወደ ቤት ነው። ደመወዝተኛው ከዕቁብ የደረሰውን፣ ነጋዴው ከትርፉ ያተረፈውን፣ በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም በላቡ ያገኘውን ይዞ፣ «ቤት ልግዛና ላከራይ» ይላል። በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት ከሚነሣው ጨዋታ እኩሌታው ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሚጠየቀውም የታወቀ ነው፤ ስንት ያወጣል? በወር ስንት ያስገባል? ደላላውስ ስንት ይወስዳል? እነዚህ ጥያቄዎች የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን የከተማችንን ታሪክ ለተመለከተ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ መኖሩ ይገለጥለታል፤ ይኸውም «የምገዛው ነገር በእርግጥ ምንድን ነው? በእጄስ የሚቈየው እስከ መቼ ነው?» የሚለው ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ገና ጊዜው አልነበረም። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በግቢው ዙሪያ መሬት ተሰጥቷቸው ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ፤ ብዙዎቹ ሰፈሮች እስከ ዛሬ በአለቆቻቸው ስም መጠራታቸው ከዚያ የመጣ ነው። ቤቱ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ጎጆ ስለ ነበረ ሰፈሩ ቢነሣ ባለቤቱ የሚያዝንለት ብዙ ነገር አልነበረውም። ከተማይቱ ራሷ ትቈይ አትቈይ እንደ ሆነም የሚያውቅ አልነበረም። የማገዶና የቤት እንጨት በማለቁ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በዚያ ወራት በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት ላሠራ የሚል ሰው ቢኖር ምን ያህል ያመነታ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ሆኖም ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ የእንጨቱ ችግር ተቃለለ፤ የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለአዲስ አበባ ባለ ቤት የመጀመሪያ ዋስ የሆነው እንግዲህ ሹም ወይም ሕግ ሳይሆን ዛፍ ነው ማለት ይቻላል።

ከተማይቱ መቈየቷ ከተረጋገጠ በኋላ የባለቤትነቱ ጥያቄ ተከተለ። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ መሬት ደንብ በከተማው ውስጥ መሬት በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ ሥርዐት አበጀለት። ቀድሞ በስጦታና በአገልግሎት ይያዝ የነበረው ቦታ ልክና ወሰን ያለው፣ ወረቀት የሚጻፍለት ንብረት ወደ መሆን ተሻገረ። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ የመሬት ወረቀት ከገንዘብ እኩል የሚጠበቅ ነገር ሆነ፤ በሣጥን ተቈልፎ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ጀመር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «የት?» የሚል ነበር። በምኒልክ ዘመን ለዚህ መልሱ አንድ ነው፤ አራዳ። ገበያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ስለ ነበረ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቃቸውን በዚያ ሠሩ፤ እቴጌ ጣይቱም ሆቴላቸውን በዚያው አካባቢ አሠሩ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ወደ ጣቢያው የሚወስደው ጐዳና ተፈላጊ ሆነ። ኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የተባለውም ይኸው ነው። ወራሪው ይህን ያደረገው ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ነበር እንጂ ንግድ እንዲሰፋ በማሰብ አልነበረም። እርሱ ግን በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲሄድ ገበያው በቦታው ቀረ፤ በመርካቶ አጠገብ ቁራሽ መሬት የነበረው ሰውም ያላሰበውን ሀብት አገኘ። ስለዚህ «ጥሩ ሰፈር» የሚባለው ነገር መንገድና ገበያ በሚሠራው ሰው እጅ ያለ ነው፤ ገዢው ሊያደርግ የሚችለው መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራውን ቢጀምርም ቤት ለሚሠራው ተራ ሰው ቅርብ አልነበረም። እርሱ የሚያውቀው ዘመዱን፣ ዕቁቡን፣ ሲጨንቀውም አራጣ አበዳሪውን ነው። ወለድ አገድ የሚባለውም ልማድ አለ፤ ተበዳሪው ቤቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፣ አበዳሪውም በወለዱ ፈንታ ይኖርበታል ወይም ያከራየዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ ሳይሽረው ቦታ ሰጥቶታል። ያው ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ብሎ ደነገገ፤ ስለ ቀብድም፣ የሰጠው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ እንደሚመልስ ወሰነ። ዛሬም ብዙ ጀማሪ በደላላው ጥድፊያ ተነድቶ፣ በምስክር ፊት ብቻ ቀብድ ሰጥቶ ሲመለስ ሳይ፣ ይህ ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሆኑ ይገርመኛል። በ1950ዎቹ ለቤት የሚያበድሩ ድርጅቶችም ተቋቋሙ፤ ደመወዝተኛው በየወሩ እየከፈለ ባለ ቤት የሚሆንበት መንገድ ተከፈተ።

በዚህ ጊዜ ቤት ሠርቶ ማከራየት የተከበረ የኑሮ መንገድ ነበር። ታላላቆቹ ባለ ርስቶች ሰፋፊ ቦታ ይዘው ፎቅ ያሠሩ ነበር። ከእነርሱ በታች ያለው ደግሞ፣ ጡረታ የወጣው ጸሐፊ ወይም ባሏ የሞተባት እመቤት፣ ከመኖሪያው ጐን ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቶ በኪራዩ ልጆቹን ያስተምር ነበር። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያገኛቸው የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው።

ዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ማንም ግለሰብ ከከተማ ቦታ ወይም ከቤት ኪራይ ገቢ እንዳያገኝ ከለከለ። ለቦታው ካሳ አልተከፈለም። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ፤ የዚህ መሥሪያ ቤት ወራሽ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ይባላል። እስከ 300 ብር የነበረው ኪራይም እንደ መጠኑ ከመቶ 15 እስከ ከመቶ 50 ተቀነሰ። ለተከራዩ ድኻ ይህ ታላቅ ደስታ ነበር፤ ደስታውን አሳንሶ መናገርም ታሪክን ማጣመም ነው፤ ቀድሞ በየጊዜው በሚጨምር ኪራይ ሲባረር የኖረ ሰው ነበርና። ዳሩ ግን ዐዋጁ ሺህ ጋሻ የነበረውን መስፍንና ሁለት ክፍል የነበራትን መበለት በአንድ ሚዛን መዘነ። በሣጥን የተቈለፈው ወረቀት በአንድ ማለዳ ዋጋ አጣ።

ቤቶቹስ ምን ሆኑ? ኪራዩ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በነበረበት ቈሞ ሲቀር የሚያድስ አልተገኘም። ቀበሌው ለጥገና የሚበቃ ገቢ የለውም፤ ተከራዩ የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ይሠጋል፤ ባለቤት የነበረውም ከእንግዲህ አያገባውም። በመካከል ቆርቆሮው ዛገ፣ ግድግዳው ዘመመ። በየዳርቻው ደግሞ ሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ የሚታየው የጨረቃ ቤት በዛ። ለዚህ ቤት ወረቀት የለውምና የሚገዛው ጀማሪ የሚገዛው ተስፋን ብቻ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ማከራየት ሕጋዊ ሥራ ሆነ፤ መሬቱ ግን ወደ ግል አልተመለሰም። በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. የሊዝ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ፣ ሰው በመሬት ላይ የሠራው ግን የራሱ እንደ ሆነ ደነገገ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 721 የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት፣ በአዲስ አበባ የንግድ ቦታ 60 ዓመት እንዲሆን ወሰነ። በሊዝ ባገኘው ቦታ ላይ ግንባታውን ከግማሽ ሳያደርስ የሚያስተላልፍ ሰውም፣ የከፈለውን ከነወለዱና የሠራውን ዋጋ ከማስቀረት በቀር፣ ከሊዝ ማስተላለፊያው ዋጋ ከመቶ 5 ብቻ ይደርሰዋል። ይህን ሳያውቅ «ቦታ ይዤ ዋጋው ሲወጣ እሸጣለሁ» የሚል ጀማሪ ስሌቱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው።

እንግዲህ ዛሬ በአፍ «መሬት ገዛሁ» የሚባለው በሕግ ዐይን ቤትን መግዛትና በቦታው የመጠቀም መብትን መረከብ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፣ መንገድ ወይም ልማት መጥቶ ቦታው ሲፈለግ ይታያል፤ ካሳ የሚታሰበው ለሕንፃው እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ብዙ ሰው ይህን በዐይኑ አየ። ስለ ኮንዶሚኒየም ብዙ አልናገርም፤ በዕጣ የደረሰው ሰው እስከ አምስት ዓመት እንዳይሸጥ የተከለከለ መሆኑን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ በውክልና ስም የሚደረገውም ግዢ አደገኛ መሆኑን ማሳሰብ ይበቃል።

አሁን ወደ ሻይ ሰዓቱ ጥያቄ፣ ወደ «በወር ስንት ያስገባል?» እንመለስ። ለምሳሌ በ4,000,000 ብር የተገዛ ቤት በወር 20,000 ብር ቢከራይ በዓመት 240,000 ብር ያስገባል፤ ዋጋውን ለመመለስ 16 ዓመት ከ8 ወር ይፈልጋል። በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢውል፣ የአንድ ወር ኪራይም ለእድሳት ቢወጣ ሃያ ዓመት ይሆናል፤ ግብሩና የባንክ ወለዱ ገና አልታሰበም። ሃያ ዓመት ደግሞ በዚህች ከተማ ታሪክ ረጅም ጊዜ ነው። በ1950 ዓ.ም. ቤት ሠርቶ ማከራየት የጀመረ ሰው ሃያው ዓመት ሳይሞላው 1967 ደርሶበታል።

ተከራዩም ቢሆን እንደ ፊተኛው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቍጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው ልክ ብቻ እንዲሆን አዝዟል። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥም ከልክሏል። ከተከራይ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ጣሪያውን ለመክደን ያሰበ ጀማሪ፣ ለቆርቆሮውና ለሚስማሩ የሚሆነውን ገንዘብ ከወዲሁ ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርበታል።