ባቡሩ ታየ፣ ሠራተኞቹስ?

በየዝግጅቱ ፎቶ የማነሳው እኔ ስለሆንኩ «ሁሉም ሰው ካልመጣ ብለሽ ለምን ፀሐይ ላይ ታቆሚናለሽ?» የሚል ወቀሳ ይደርሰኛል። መልሴን በአንድ የድሮ የባቡር ፎቶ ታሪክ ልስጥ። ዘመኑን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሜይ 10 ቀን 1869 በአሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ፕሮሞንቶሪ ሰሚት በሚባል ስፍራ ሁለት የእንፋሎት ባቡሮች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆሙ። ከካሊፎርኒያ የተነሳው የሴንትራል ፓሲፊክ ኩባንያ 690 ማይል፣ ከኦማሃ የተነሳው የዩኒየን ፓሲፊክ ኩባንያ 1,086 ማይል ሐዲድ ዘርግተው የተገናኙበት ቀን ነው። የምዕራቡ ባቡር ጁፒተር ይባላል፤ እንጨት የሚያነድ፣ ጭስ ማውጫው እንደ ፊኛ የሰፋ ነበር። የምሥራቁ መጠሪያ ቁጥር ብቻ ነው፣ 119፤ በድንጋይ ከሰል ይሠራል፣ ጭስ ማውጫውም ቀጥ ያለ ነው። የሚገርመው ሁለቱም ለበዓሉ የታሰቡ አልነበሩም። በጁፒተር ቦታ የተመደበው ባቡር በመንገድ ላይ ግንድ ተንከባሎበት ስለተጎዳ ጁፒተር ተተካ፤ 119ም የመጣው በሌላ ምትክ ነው። ታሪክ ውስጥ የገቡት በተጠባባቂነት ነው ማለት ይቻላል።

በዕለቱ ሦስት ፎቶ አንሺዎች ተገኝተዋል፦ አንድሩ ራስል፣ ቻርልስ ሳቬጅና አልፍሬድ ሃርት። የዚያን ጊዜ ፎቶ እንደ ዛሬው ስልክ አውጥቶ መጫን አልነበረም። መስታወቱን ኮሎዲየን በሚባል ፈሳሽ ቀብቶ፣ የብር ውሁድ ባለበት ውኃ ነክሮ፣ እርጥብ እያለ ካሜራው ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። ካነሱ በኋላም ሳይደርቅ ወደ ጨለማው ክፍል ወይም ድንኳን ሮጦ ማጠብ ነው። ሰው ከተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ተደርድረው ጸጥ ማለት ነበረባቸው።

በራስል ዝነኛ ፎቶ የሁለቱ ኩባንያዎች ዋና መሐንዲሶች መሀል ላይ ይጨባበጣሉ፤ ባቡሮቹ ላይ የወጡት ሰዎች ጠርሙስ ይዘረጋሉ። ቦታውን የሞላው ባርኔጣ ያደረገ ወንድ ነው።

የሴንትራል ፓሲፊክን መንገድ ከሠሩት ውስጥ ግን ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ቻይናውያን ነበሩ። የሴራ ኔቫዳን ተራራ በእጅ መሮና በባሩድ ፈልፍለው ዋሻ ያወጡት እነርሱ ናቸው። ደመወዛቸው ከነጮቹ ያንሳል፤ ነጮቹ ቀለብ ሲሰፈርላቸው እነርሱ ምግባቸውን ከኪሳቸው ይገዛሉ። በጁን 1867 የተሻለና እኩል ክፍያ ጠይቀው በሺህ የሚቆጠሩት ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ምግብ እንዳይደርሳቸው አድርጎ በሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ሥራ መለሳቸው። የሞቱትን አጥንት ሰብስበው ወደ አገራቸው የሚልኩት የየትውልድ ቀያቸው ማኅበራት ነበሩ። እድር ለምናውቅ ሰዎች ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

እነዚህ ሰዎች በዝነኛው ፎቶ ላይ የሉም ማለት ይቻላል። ለራስል እውነቱን ለመመስከር ያህል፣ ቻይናውያን የመጨረሻውን ሐዲድ ሲዘረጉ የሚያሳይ ሌላ ፎቶም አንስቷል። ዓለም የያዘው ግን ያንን አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የታተመው የጠርሙሱ ፎቶ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። ማንሳት ብቻውን አይበቃም፤ የቱ ይታተም ብሎ የሚመርጥ ሰው አለ። በእኛም መጽሔት ወጥ ቤት ያሉት እህቶች ሁልጊዜ ይነሳሉ፤ ገጽ ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚወጣው የእነርሱ ፎቶ ነው። (ይህን የምጽፈው የዝግጅት ክፍሉ እንደሚያነበው አውቄ ነው።)

ባቡሮቹ ምን ሆኑ? 119 በ1903፣ ጁፒተር በ1909 ተሰባብረው ለብረታ ብረት ዋሉ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት መልሶ ሊያሠራቸው ሲነሳ የሥራ ንድፋቸው አልተገኘም። መሐንዲሶቹ እነዚያኑ የ1869 ፎቶዎች አጉልተው፣ እያንዳንዱን ክፍል ከፎቶ ላይ እየለኩ አዲስ ንድፍ አወጡ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሊነግራቸው ያልቻለው ቀለሙን ነው። ሜይ 10 ቀን 1979 አዲሶቹ ጁፒተርና 119 በዚያው ቦታ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ዛሬም በሞቃቱ ወራት ጎብኚ ከፊታቸው ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ብረቱ በፎቶ አማካይነት ተመልሶ ቆመ፤ ያልተነሱትን ሰዎች ግን ከየት ለክቶ መመለስ ይቻላል?

በ1969 መቶኛው ዓመት ሲከበር የአገሪቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሥራውን የአሜሪካውያን ጀብዱ አድርገው ሲያወድሱ ቻይናውያኑን አላነሱም። ያን ሐዲድ የዘረጉት ሰዎች ግን የአሜሪካ ዜጋ እንዳይሆኑ የከለከላቸው የዘመኑ ሕግ ራሱ ነበር።

ኮርኪ ሊ በ1947 ኒው ዮርክ ውስጥ ልብስ አጥቦ ከሚያድር ቻይናዊ አባት ተወለደ። ይህን ፎቶ ተማሪ ሳለ አይቶ፣ በማጉያ መነጽር የቻይናዊ ፊት ፈልጎ አጣ። አድጎ ፎቶ አንሺ ሆነ። በሜይ 2014፣ በ145ኛው ዓመት፣ የሠራተኞቹን ተወላጆች ጨምሮ ብዙ የእስያ ተወላጆችን ፕሮሞንቶሪ ላይ ሰብስቦ በሁለቱ ባቡሮች ፊት አነሳቸው። በዚህኛው ፎቶ ሴቶችም አሉበት። ሊ እንዲህ ያለውን ሥራ «የፎቶ ፍትሕ» ይለው ነበር። በጃንዋሪ 2021 በኮሮና አረፈ፤ ዕድሜው 73 ነበር።