የእናቴ ሙቀጫና የእንዶድ ኬሚስትሪ

እናቴ እንዶድ ስትወቅጥ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ብናኙ ያስነጥሳል፤ ዓይን ውስጥ ከገባማ አያድርስ ነው። ደርቆ የተቀመጠውን ፍሬ አድቅቃ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ ቆይታ ስትመታው አረፋው ኩፍ ይላል። በደጋችን በመዘዞ ብርድ ጋቢ ከትከሻ አይወርድም፤ እድፉን የሚለቀው ወንዝ ዳር በዚያ አረፋ በእግር ሲረገጥ ነበር።

ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ውኃና ስለ ዕፅዋት እጽፋለሁ። ስለ እንዶድ ስጽፍ ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማን መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ትል ሰው ከመያዙ በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ የሙቀጫው ነገር ነው። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ውህድ ነው፤ ባልተፈጨው ፍሬ ውስጥ ግን አብዛኛው በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ስለተያያዘበት ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ያኔ ገዳይ ይሆናል። ላቦራቶሪ ውስጥ በውኃ ፈንታ በአልኮል የጨመቀ ሰው ይህን አያገኝም፤ አልኮሉ ኢንዛይሙን ያስቆመዋል። እናቴ ያለ ፎርሙላ ትክክለኛውን መንገድ ይዛ ኖራለች። አሜሪካ፣ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ የተለየው ንጥረ ነገር በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ፤ እኔ ብጠየቅ ግማሹን ስም ለልብስ አጣቢዎቹ እሰጥ ነበር።

ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድን ዓይነቶች ሲያወዳድሩ ቆይተው 44 ቁጥር የተሰጠውን መረጡ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንዶድ ዓሣም ይፈጃል፤ ስለዚህ የአገር ነው ተብሎ ወንዝ ሁሉ ላይ አይበተንም። ደጋችን ብርዳም ስለሆነ ቢልሃርዝያ አያሰጋንም። ከጣርማ በር ወርዶ ቆላ መስኖ ውስጥ የሚሠራውን ልጃችንን ግን ያሰጋዋል፤ እንዶዱ የሚበቅለው ደግሞ እኛ ዘንድ ነው።