የቢርካው ባለቤት

የግብረ ገብ ፍልስፍና የሚያስተምሩ ሰዎች አንድ የማይለቋት እንቆቅልሽ አለች። ፍሬን እምቢ ያለው ባቡር አምስት ሰው ሊጨፈልቅ ነው፤ ሹፌሩ ወደ ሌላው ሐዲድ ቢያዞረው ደግሞ አንድ ሰው ይገድላል። እንግሊዛዊቷ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ካነሳቻት ወዲህ ስንቱ ተማሪ ተጨንቆባታል! ለነገሩ ባቡር ደርሶባት በማያውቀው ጅጅጋ ለሚማር ልጅ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ደጁ ላይ አለ።

ከጅጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሐውድ ሜዳ ሲወጡ ወንዝ የለም። ሰዉም ከብቱም ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚኖረው በቢርካ ነው፤ መሬት ተቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ማለት ነው። ቢርካ ባለቤት አለው። ገንዘብ አውጥቶ ያስቆፈረው ቤተሰብ በድርቅ ወራት ውሃውን ይሸጣል።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላያስጠጋ ተፈራረሙ። መጠጊያው ኢትዮጵያ የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ በግንቦት ተሻግሮ ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። ዚያድ ባሬም የገዛ ከተማውን በአውሮፕላን ደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሐውድ ጎረፈ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ በላይ ስደተኛ ይዞ ከዓለም ትልልቅ መጠለያዎች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። የመጠጥ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነበር።

እንግዲህ ቦቴው ከመድረሱ በፊት ቢርካው ግማሽ ላይ የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ? ቤንታም «ቁጠር» ይለዋል፤ የተጠሙት ከቤተሰብህ ይበዛሉና ክፈት። ግን ቆጠራው ለዘንድሮ ብቻ አይደለም። ውሃው በነጻ ካለቀ ለከርሞ ልስኑን ማን ያድሳል? አዲስ ቢርካስ ማን ይቆፍራል? ካንት ደግሞ «ሁሉም እንዳንተ ቢዘጋስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህን ለመረዳት አርብቶ አደሩ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ ነገ ግመሎቹን ነድቶ የሰው ቢርካ ደጅ የሚቆመው እሱው ነው። የእስልምና ሊቃውንትም ውሃ የጋራ ነው ካሉ በኋላ፣ ሰው በዕቃው የቀዳው ግን የራሱ ነው ብለው ለይተዋል። ቢርካ የቱ ነው? ዝናቡ የፈጣሪ፣ ሲሚንቶው የሰውዬው።

ሁሉም ግን የመጣውን ሰው እንደ እንግዳ ቆጥረውታል። ራስ መኮንንና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ በ1889 ዓ.ም. ሐረር ላይ ሐውድን የሚቆርጠውን ወሰን ሲያሰምሩ፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ጎሳዎች ተሻግረው እንዲያግጡ፣ ከቅርቡም ጉድጓድ እንዲጠጡ በደብዳቤ ተስማምተው ነበር። በ1980 ከመጡት ብዙዎቹ የነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። ታዲያ ቢርካው ደጅ የቆመው ለማኝ ነው ወይስ ባለመብት? እኔ ባለመብት ነው ባይ ነኝ፣ ለሰው ጉሮሮ ለሚሆነው ውሃ። ለግመሎቹ የሚቀዳውን ግን ባለቤቱ ቢያስከፍል አልፈርድበትም፤ ራስ መኮንን የፈረሙለት ጉድጓድ ሲሚንቶ አልነበረውም።