የኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ፎቶግራፍ

በኅዳር መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ መርካቶ ራጉኤል ደጃፍ ቆማችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ቀና ብትሉ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከተራራው በላይ አለች። አትታይም እንጂ አለች። የሱቁ፣ የመኪናው፣ የማስታወቂያው መብራት ጋርዷታል።

አንድሮሜዳን ማለቴ ነው። ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያው ንጉሥ የሴፌዎስ ልጅ ያደርጓታል። (የእነሱ «ኢትዮጵያ» የትኛዋ እንደሆነች ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ እኛ ስሙን አንመልስም።) በስሟ በተጠራው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ ጨለማ ባለበት ገጠር፣ ጭጋግ የመሰለች ነጠብጣብ በዓይን ትታያለች። ጠምዛዛ ጋላክሲ ናት፤ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል።

ጠምዛዛነቷን ያሳየን ፎቶግራፍ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና 2 ዓመቷ ነበር፤ በታኅሣሥ 1888 እ.ኤ.አ. ዌልሳዊው አይዛክ ሮበርትስ 50 ሳንቲ ሜትር መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ 4 ሰዓት ሙሉ አነጣጠረባት። ዓይን የእጅ በእጅ ነጋዴ ነው፣ ያገኘውን ብርሃን እዚያው ያጠፋል። የፎቶው ሰሌዳ ግን እንደ ዕቁብተኛ ያጠራቅማል። ሲታጠብ የተጠማዘዙት ክንዶች ወጡ። ሮበርትስ «አዲስ ሥርዓተ ፀሐይ እየተወለደ ነው» ብሎ አሰበ። ሰውዬው ተሳሳተ፣ ፎቶው አልተሳሳተም።

በ1923 ኤድዊን ሀብል በአሜሪካ ማውንት ዊልሰን ላይ ባነሳቸው ሰሌዳዎች ውስጥ ብርሃኗ ከፍ ዝቅ የሚል ኮከብ አገኘ። እንዲህ ያሉት ከዋክብት «ሴፌይድ» ይባላሉ፤ ስማቸው ከሴፌዎስ ነው። የልጅቷ ርቀት በአባቷ ስም ተለካ ማለት ነው! ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗም ታወቀ።

ዛሬ የሚደክመው ኮምፒዩተሩ ነው። በርካታ ፎቶዎች በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ይነሳሉ፤ ክዳኑ እንደተዘጋ የተነሳው የካሜራው የራሱ ጉድፍ ይቀነስላቸዋል፤ ከዚያ ይደራረባሉ። «ታዲያ ቀለሙ ፈጠራ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም፤ ዓይናችን ያነሰውን ማጠራቀም ነው።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት 2 ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ደግነቱ አንድሮሜዳ በሰሜን ናት፣ ከተማው በደቡብ። ግን የከተማ ብርሃን አቅጣጫ አያውቅም፤ ሰማዩን ሁሉ ያጥበዋል፣ በሰሜንም ሱሉልታ እያደገ ነው። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሰዎች ላሊበላ አጠገብ ያለውን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ጨለማ ሀብት ነው ብሎ በጀት የሚይዝ ማን ነው? ለጊዜው የመንገዱ መብራት ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ ቆብ ቢደረግለት፣ ለእግረኛውም ለእንጦጦም ይበቃል።