ስለ ፍግና ስለ ጭድ በቢቸና አገር

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና ዙሪያ፣ የከብት እበት በሦስት ስፍራ ይፈለጋል፤ ይኸውም ለምድጃ፣ ለልስንና ለማሳ ነው። ከነዚህም ማሳው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ነው። እበቱ በበጋ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆንና በእንጀራ ምጣድ ሥር ይነድዳል፤ አውድማ ይለቀለቅበታል፤ ጎተራ ይመረግበታል። ለመሬት የሚተርፈው ከበረት የተጠረገው አዛባና የምድጃው አመድ ሲሆን፣ እርሱም ከጓሮው በቆሎ፣ ከጌሾውና ከጎመኑ አልፎ አይሄድም። ስለዚህ የፈረሰ ቤት ቦታ ሰው ከለቀቀው በኋላ እንኳ በአዝመራው ልምላሜ ይታወቃል።

ዛሬ ዛሬ ለብስባሽ ሥራ አገዳና ገለባ የሚከትፍ መኪና ይመከራል፤ የደቀቀ ነገር ከፍግ ጋር ሲደባለቅ ቶሎ ይበሰብሳልና። የዚህ አገር መክተፊያ ግን ከጥንት ጀምሮ በሬው ነው። በአውድማ ላይ እየዞረ ጤፉን ሲያበራይ ሰኮናው ጭዱን ያደቅቀዋል፤ ያንኑ ጭድ በልቶ ፍግ አድርጎ ይመልሰዋል። የጎደለው ፍጉ ከቤት ወደ ሩቁ ማሳ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ይህም በገበሬው ላይ እንደ ነቀፌታ ሊቈጠር አይገባም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የቢቸናና የሞጣ ሕዝብ ርስታችን ሊለካብን ነው ሲል መሣሪያ አንሥቷል። ለመሬቱ ይህን ያህል የሚሳሳ ሰው ኩበት ማንደዱ ዱሩ ስላለቀበት ነው። ባሕር ዛፍ በተተከለበት ደጅ ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ ስለሚደርስ እበቱ ከእሳት ሊተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን ዛፉ በተራው ውሃውንና መሬቱን ከእህሉ ጋር ይሻማል።