ክራር፣ ቶም፣ ራባባ፦ የማን ነው?

ይህን ያስጻፈኝ በክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ስለ ዜማ መሣሪያዎች ስናወራ ሰሌዳው ላይ ክራር ሣልኩ። አንድ የአኙዋክ ልጅ «ቲቸር፣ ይኼማ የኛ ቶም ነው» አለ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በጀመረው ጦርነት ከካርቱም የመጣ ጓደኛው ደግሞ «ራባባ ነው፣ የዐረብ ነው» ብሎ ተነሣ። ነገሩ ከሥዕሉ አልፎ «የማን ነው?» ወደሚል ሄደ። አገሩን ጥሎ ለመጣ ልጅ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

እስቲ ከሩቅ እንጀምር። ጀርመኖች ጺተር የሚሉት መሣሪያ አላቸው፤ ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን ሆኖ ብዙ ክሮች የተወጠሩበት ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይጫወቱታል። ቃሉ በላቲን በኩል ከግሪክኛው ኪታራ የመጣ ነው። የግሪኮቹ ኪታራ ግን ሁለት ክንድና አንድ አግዳሚ እንጨት ነበረው። ለጎንደር ሰው ሥዕሉን ብታሳዩት ክራር ነው የሚላችሁ። ያው ቃል በዐረብኛና በስፓኒሽ አድርጎ ጊታርም ሆኗል። ስሙ ሲጓዝ መሣሪያው ተለዋወጠ ማለት ነው።

እኛም ጋ ያው ነው። የግሪኩ መዝሙረ ዳዊት ኪታራ ያለውን የግዕዙ መሰንቆ ይለዋል፤ መዝሙር 32 ቁጥር 2ን ማየት ይቻላል። ቃሉ ሰንቀወ ከሚለው ግስ ነው፣ የዜማ መሣሪያ መታ እንደማለት። ዛሬ ማሲንቆ የምንለው ግን ባለ አንድ አውታር፣ በደጋን የሚገዘገዘው ነው። ዳዊትን እንደ አዝማሪ ደጋን ይዞ የሚሥሉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ አልፈርድባቸውም።

ራባባም እንዲሁ። በግብፅና በኢራቅ ራባባ ሲባል በደጋን የሚመታ የማሲንቆ ዘመድ ነው፤ በሱዳንና እዚህ ጁባ ግን ክራር መሰሉን ይሉታል። ስለዚህ ስሙ ዐረብኛ መሆኑ መሣሪያው ከዐረብ መምጣቱን አያሳይም። ቶም የሚለው ስም ደግሞ በአኙዋክ፣ በኑዌርና በሽሉክ ዘንድ አለ። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተፈራረሙት የድንበር ውል አኙዋክንና ኑዌርን ለሁለት ከፍሏል፣ ቶም ግን በሁለቱም ወገን ቶም እንደተባለ ቀረ።

ይህን ሁሉ ነግሬያቸው ሦስቱንም ስም ከሥዕሉ ሥር ጻፍኩ። ሁለቱ ልጆች ግን ክሮቹን እየቆጠሩ ነበር። እኔ 6 አድርጌ ነበር የሣልኩት። «ቲቸር፣ አንዱን አጥፋው፣ የኛ 5 ነው» አሉ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ።