የአጥሩ መዘዝ
በእንግሊዝ ገጠር ትልቋ ሰማያዊ ቢራቢሮ እየተመናመነች በሄደች ጊዜ ጥፋቱ የሰብሳቢዎች ነው ተብሎ ስለታመነ ከመኖሪያዎቿ አንዳንዶቹ በአጥር ተከለሉ። ይሁን እንጂ መመናመኗ አልቆመም። ምክንያቱን በ1970ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የገለጠው ተመራማሪው ጄረሚ ቶማስ ነው። እጯ በመጀመሪያ የጦስኝ አበባ ትመገባለች፤ ቀጥሎም አንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን የራሱ ልጅ መስላው ወደ ጎሬው ይወስዳታል፤ በዚያም የጉንዳኑን እጮች እየበላች ትከርማለች። ይህ ጉንዳን ደግሞ ፀሐይ የሚያሞቀው፣ ሣሩ አጭር የሆነ መሬት ይሻል። አጥሩ ከሰብሳቢው ጋር ከብቱንም አገደ፤ በ1950ዎቹ የተነሣውም በሽታ ጥንቸሎችን ፈጀ። ሣሩ ረዘመ፤ አፈሩ ቀዘቀዘ፤ ጉንዳኑ ተመናመነ። እውቀቱ ዘግይቶ ስለደረሰ ቢራቢሮዋ በ1979 ከአገሪቱ ጠፋች። ከ1983 ጀምሮ ግን ዘሯ ከስዊድን መጥቶ፣ ግጦሽ በተመለሰበት መስክ እንደገና ተራባች። ስለዚህ እኛ መሐንዲሶች አጥር ከመንደፋችን አስቀድሞ፣ የሚጠበቀው ነገር በምን እንደሚኖር ማወቅ ይገባናል።